ከጨው አሞሌ እስከ መቅደላ ብራና፦ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትን ስናስብ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የታሪክ ተማሪዎች፣ እንግዶቻችን፤

ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ያረፉት የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ደግሞ የካቲት 14 ቀን። በሁለቱ ቀናት መካከል የካቲት 12 ዋለ፤ ያ ዓመት የግራዚያኒ ጭፍጨፋ የተፈጸመበት ሰማንያኛ ዓመት ነበር። የሰማዕታቱ ሐውልት የቆመው ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ነው። ከሐውልቱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ እርሳቸው የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑበት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ይህን መገጣጠም ያነሣሁት ተአምር ነው ለማለት አይደለም። የሰውየው ሕይወት ከዚያ ጦርነት ጋር በምን ያህል ጥብቅ ክር እንደታሰረ ቀኖቹ ራሳቸው ስለሚነግሩን ነው።

እኔ በክፍል ውስጥ ተማሪያቸው አልነበርኩም። መጻሕፍቶቻቸውን ይዤ ለብዙ ዘመን ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጠባያቸውና ስለ ጨዋታቸው የምነግራችሁ የለኝም፤ በቅርብ የሚያውቋቸው ሰዎች ይህን ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል። እኔ የምናገረው ስለ ሥራቸው ነው። እምነቴም ይህ ነው፦ ፕሮፌሰር ሪቻርድ የኢትዮጵያን ታሪክ ከቤተ መንግሥት ደጃፍ አውጥተው ወደ ገበያው፣ ወደ እርሻው፣ ወደ ሕመምተኛው አልጋ አደረሱልን። ይህን ለማድረግ የሚያስችለው ደግሞ የተጻፈ ማስረጃ ነው። ተቋም መመሥረታቸውም፣ ስለ አክሱም ሐውልትና ስለ መቅደላ ብራናዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው መሟገታቸውም ከዚሁ የመነጨ ነው። እኔ እነዚህን ለያይቼ ላያቸው አልችልም።

ሰውየው የተወለዱት ለንደን ውስጥ በኅዳር 1920 ዓ.ም. ነው። አያታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ ዝነኛ ሴት ናቸው። እናታቸው ሲልቪያ ከዚያው ትግል ወጥተው ፋሺዝምን ወደ መዋጋት የዞሩ፣ አባታቸው ሲልቪዮ ኮሪዮ ደግሞ ከአገሩ የተሰደደ ጣሊያናዊ ነበሩ። እዚህ ላይ ለወጣቶቹ ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ የሪቻርድ አባት ጣሊያናዊ ነው። ቤታቸው ግን ከሙሶሊኒ ጋር የተጣላ ቤት ነበር። ሲልቪያ በ1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ በገባበት ወቅት፣ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋሙ። ዓለም ፊቱን ባዞረብን ጊዜ ያ ጋዜጣ የአርበኞቻችንን ወሬ፣ የመርዝ ጋዙን ግፍ፣ የየካቲቱን እልቂት ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያደርስ ነበር። ልጃቸው ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ኢትዮጵያ ለእርሱ በካርታ ላይ የተማራት አገር አልነበረችም፤ እናቱ የምትጽፍላትና የምትከራከርላት አገር ነበረች።

በለንደን የኢኮኖሚክስና የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚ ታሪክ ተማሩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ለምን ስለ ጨውና ስለ በሬ ዋጋ እንደጻፉ የሚያስረዳን ይህ ነው። በ1948 ዓ.ም. ከእናታቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ማስተማር ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት ወይዘሮ ሪታን አገቡ። ወይዘሮ ሪታ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ያገለገሉ የሙያው ሰው ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. አርፈዋል። ስለ ባላቸው በተነገረ ቁጥር የእርሳቸው ድርሻ የሚዘለል ይመስለኛል፤ ይህ ትክክል አይደለም። ያለ መጽሐፍ ጠባቂ የታሪክ ጸሐፊ ምን ይሠራል? ሲልቪያ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ አርፈው ወለተ ክርስቶስ በሚል ስም በሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። ልጃቸውም ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ አጠገባቸው ዐረፉ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

ከእርሳቸው በፊት አብዛኛው የታሪክ መጽሐፋችን የንጉሥ ስም፣ የዘመቻ ቀን፣ የጳጳስ ሹመት ነበር። እነዚህን አላቃልልም፤ ዜና መዋዕል ባይኖረን ባዶ እጃችንን ነበርን። እርሳቸውም የዜና መዋዕሎቹን ምርጥ ክፍሎች በእንግሊዝኛ አሰናድተው አሳትመዋል። ነገር ግን በ1950ዎቹና በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ስለ ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ ሁለት ትላልቅ መጻሕፍት ሲያወጡ የጠየቁት ጥያቄ ሌላ ነበር። ሰው በምን ይገበያይ ነበር? መሬቱ የማን ነበር? ግብሩ በምን ይከፈል ነበር? አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ እንዴት ይኖሩ ነበር?

አሞሌን ውሰዱ። በአፋር ጨው ሜዳ በመጥረቢያ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው የሚወጣ ጨው ነው። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። በትግራይ ገበያ ለአንድ የማርያ ተሬዛ ብር ብዙ አሞሌ ይሰጥ የነበረው ወደ ጎጃም፣ ወደ ሸዋ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ሲዘልቅ እየተመናመነ ይሄዳል። እንግዲህ በየዘመኑ ያለፈ መንገደኛ «በዚህ ገበያ ለአንድ ብር ይህን ያህል አሞሌ ነበር» ብሎ በማስታወሻው ከጻፈ፣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ያችን መስመር ለቅመው ከሌላዋ መስመር ጎን ያኖሯታል። አንዷ መስመር ብቻዋን ወሬ ናት። መቶዎቹ አንድ ላይ ሲሰለፉ ግን የየትኛው መንገድ ሰላም እንደነበረ፣ የትኛው በሽፍታ እንደተዘጋ፣ ኬላው የት እንደከበደ ይናገራሉ። ብሩም የራሱ ነገር ነበረው። እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለው ብር ነው፤ ባላገሩ የንግሥቲቱን የጌጥ ነጠብጣብ አንድ በአንድ ሳይቆጥር አይቀበለውም ነበር። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው ሲበራ አያለሁ። ስም የሌለው ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በታሪክ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ብሩን ሲያገላብጥ ያዩታልና።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ሥራቸው ግን ስለ ረኃብና ስለ ወረርሽኝ የጻፉት ነው።

ክፉ ቀን የምንለውን ዘመን ሁላችንም ከአያቶቻችን ሰምተናል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውን ማለት ነው። ጣሊያኖች ወደ ምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ጨረሰው። በሬ ከሌለ ማረስ የለም። በዚያ ላይ ድርቅ፣ አንበጣ፣ አይጥ፣ ኮሌራ ተደራረበ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚል ግምት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ ሆኑ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ይህን ሁሉ ከዜና መዋዕሉም፣ ከሚሲዮናውያን ደብዳቤም፣ ከመንገደኞች ማስታወሻም ሰብስበው በ1950ዎቹ መጨረሻ በአንድ የሕክምና ታሪክ መጽሔት ላይ አቀረቡት። የወሎ ረኃብ ገና አልደረሰም። የ1977ቱ ገና በሩቅ ነው። ያኔ ረኃብን የታሪክ ርእስ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነበር።

እኔ ከዚህ ጽሑፍ የተማርኩት አንድ ነገር አድዋን የማስተምርበትን መንገድ ለውጦታል። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ከክፉ ቀን ከወጣ አራት ዓመት ያልሞላው ሕዝብ ነው። ልጁን የቀበረ፣ በሬውን ያጣ፣ መሬቱን በዶማ የቆፈረ ሰው ነው ጋሻውን አንሥቶ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ የሄደው። ስንቁን ከየት አመጣ? ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የአድዋ ትምህርት ለእኔ ግማሽ ትምህርት ነው።

የኅዳር በሽታም እንዲሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሁሉ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል፣ ከተማው በጭስ ሲሸፈን አይቷል። ኅዳር ሲታጠን እንላለን። የአብዛኞቻችን እውቀት እዚያ ላይ ይቆማል። ነገሩ በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። ወደ አዲስ አበባም ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመሙ፤ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች ለራሳቸው ተኙ፤ ቀባሪ ጠፋ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ይህን በዝርዝር ጽፈው በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አወጡት። ጽሑፉ ለዓመታት የጥቂት ተመራማሪዎች ንብረት ሆኖ ቆየ። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. ሲገባ ግን ከመቶ ዓመት በፊት ምን ሆኖ እንደነበር ለመጠየቅ የፈለገ ሁሉ ወደዚያ ጽሑፍ ተመለሰ። ጸሐፊው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የታሪክ ሰው እንዲህ ነው የሚያገለግለው፤ ማን መቼ እንደሚፈልገው ሳያውቅ ጽፎ ያስቀምጣል።

በሥራቸው ላይ የሚነሣ ትችት አለ፤ በዝክር ቀን መደበቅ የለበትም። አንዳንድ ምሁራን ፕሮፌሰር ሪቻርድ ይሰበስባሉ እንጂ አይተነትኑም፣ በአውሮፓውያን መንገደኞች ጽሑፍ ላይ ከልክ በላይ ይደገፋሉ ይላሉ። እውነትነት አለው። መንገደኛው በመጣበት ዓይን ያያል፤ ቋንቋውን የማያውቅ፣ ደጅ ጥናቱ ያበሳጨው፣ የተናቀ የመሰለው ሰው የጻፈውን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። መጻሕፍቶቻቸውም አንዳንድ ጊዜ ጥቅስ በጥቅስ ላይ ተደርድሮ ጸሐፊው ራሱ የት እንዳለ የሚያስጠፉ ናቸው። ነገር ግን ጎተራ ሳይሞላ ማጣፈጥ አይቻልም። ከኋላቸው የመጡት ኢትዮጵያውያን የታሪክ ሊቃውንት በጥልቀት ለመተንተን የቻሉት ማስረጃው የት እንዳለ ቀድሞ ያሳየ ሰው ስለነበረ ጭምር ነው።

«የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። የኢትዮጵያን ታሪክ ለምን የውጭ ሰው ይጽፍልናል የሚል ቅሬታም ሰምቻለሁ። ለዚህ የምመልሰው በተቋሙ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ከሰጡ በኋላ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እዚያው ግቢ ውስጥ ተቋቋመ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ዳይሬክተር ሆኑ፤ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያዙ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት መታተም ጀመረ። በ1958 ዓ.ም. ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ከዚያ በፊት ስለ ኢትዮጵያ መመራመር የፈለገ ኢትዮጵያዊ ሮም፣ ፓሪስ ወይም ለንደን መሄድ ነበረበት፤ የገዛ አገሩን ብራና ለማንበብ የባዕድ አገር ፈቃድ ይለምን ነበር። ተቋሙ ያን ጉዞ አሳጠረ። ሥዕሉ፣ መስቀሉ፣ ብራናው፣ የግል ደብዳቤው፣ የአርበኞች ወረቀት እዚሁ ይከማች ጀመር። ስለዚህ ባገሩ በሬ እንዲታረስ ቀንበሩን ካዘጋጁት አንዱ እርሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም።

አብዮቱ ፈንድቶ አገሩ ሲታመስ በ1968 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። እዚያም በሮያል ኤዥያቲክ ሶሳይቲ ቤተ መጻሕፍት ሠሩ፤ ጽሑፋቸውን አላቋረጡም። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ተመልሰው መጡ። ያ ጊዜ ደርግ ያለበት፣ አገሩ በጦርነት የደከመበት ጊዜ ነው። ሰው አገር ለቅቆ በሚሰደድበት ወራት እርሳቸው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ስለ ፍቅራቸው ሌላ ምስክር አላስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው የሙግት ዘመን ነው። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በሙሶሊኒ ትእዛዝ ተወስዶ ሮም ላይ ቆመ። በ1939 ዓ.ም. ጣሊያን የፈረመችው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን የጥበብ ሥራ፣ ንዋየ ቅድሳትና የታሪክ ሰነድ በአሥራ ስምንት ወራት ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳታል። አሥራ ስምንቱ ወራት ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆኑ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ከኢትዮጵያውያን ምሁራንና አርቲስቶች ጋር ሆነው ጻፉ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ የውሉን አንቀጽ ደጋግመው ጠቀሱ። ልመና አልነበረም፤ የፈረማችሁትን ፈጽሙ የሚል ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ደረሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። ያን ለማየት ዕድሜ አገኙ። በዚያው ጦርነት የተወሰደችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ግን የተመለሰችው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ያን አላዩም።

መቅደላ የከበደው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ወታደር አምባውን በረበረ። ምርኮው በአሥራ አምስት ዝሆንና ወደ ሁለት መቶ በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ወረደ፤ እዚያም በጨረታ ተሸጠ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ገዝቶ ወሰደ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ የእያንዳንዱን ዕቃ መንገድ ተከታትለው ጻፉ፤ የትኛው ለማን ተሸጠ፣ የት ሙዚየም ገባ፣ በየትኛው ዓመት ምን ተመለሰ። የመቅደላን ቅርሶች ለማስመለስ የተቋቋመውን ማኅበር ከመሠረቱት መካከል ነበሩ። እንግሊዛዊ ሆነው የእንግሊዝን መንግሥት በገዛ ሰነዱ ይሞግቱ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ከለንደን የተመለሰው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። አሥራ አንድ ታቦታት ግን ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ተዘግቶባቸው አሉ፤ ብራናዎቹም ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው።

አንዳንዶች ብራናው በኮምፒውተር ፎቶ ተነሥቶ ከታየ በቂ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ፎቶው ለንባብ ይጠቅማል፤ ደስም ይለኛል። ነገር ግን ያ ብራና የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ሊሰጡት ከየአገሩ ያሰባሰቡት ነው። ባለቤቱ የታወቀ ንብረት ቅጂው ተሰጥቶ ዋናው የሚቀርበት ሕግ የትም አላየሁም።

ለወጣቶቹ አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ ልተውላችሁ። «ኵርዓተ ርእሱ» የሚባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታችን ሥዕል፣ የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት ነበር። በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ዘመን በሰናር ጦርነት ተማርኮ በወርቅ ተቤዥቶ ተመለሰ። መቅደላ ላይ ያው ሆምስ አገኘው፤ ለሙዚየሙ አላስረከበውም፣ ለራሱ አስቀረው። ከእርሱ ሞት በኋላ በለንደን በጨረታ ተሸጠ፤ ከዚያም እንደገና ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ፤ በግለሰብ እጅ ገባ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ስለዚህ ሥዕል ጽፈዋል፤ ታሪኩን እስከ ደረሰበት ድረስ ተከትለውታል። በዐፄ ምኒልክም ሆነ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ያልተመለሰ፣ በእኛም ዘመን ገና ያልተመለሰ ሥዕል ነው። ከእናንተ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ ፖርቱጋልኛ ለመማር ወኔ ያለው ካለ፣ ነገ ጠዋት ስድስት ኪሎ ሄዶ የፕሮፌሰሩን ጽሑፎች ከተቋሙ ቤተ መጻሕፍት አስወጥቶ ይጀምር። የምችለውን ያህል ለመርዳት ዝግጁ ነኝ፤ ከዚህ ዝግጅት በኋላ አግኙኝ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እቀበላለሁ።